ከ257 ደቂቃ ላይ የተቆረጠው፦ የ2016ቱ ምርጫና የታንክስጊቪንግ ማዕድ

ሪፐብሊካኑ ዶናልድ ትራምፕ ዴሞክራቷን ሂላሪ ክሊንተንን ያሸነፉበት የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የተካሄደው ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 2016 ነበር (ቀኑም ዓመቱም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ታንክስጊቪንግ የተባለው የአሜሪካ የምስጋና በዓል የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ላይ ስለሚውል ያን ዓመት በ24ኛው ቀን ዋለ። በምርጫውና በማዕዱ መካከል የነበረው 16 ቀን ብቻ ነው። አሜሪካዊ አጎቱን፣ አክስቱን፣ አማቱንና የወንድሙን ሚስት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያገኝበት ቀን ቁስሉ ሳይጠግግ ደረሰ።

ቤተሰብ በፖለቲካ ሲቀያየም ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው ወሬ ነው። አጎት እንዲህ አለ፣ የእህት ልጅ ሳህኗን ትታ ተነሳች ይባላል፤ ስንት ቤት እንደተነካና ምን ያህል እንደተነካ ግን የሚያውቅ የለም። የ2016ቱ ታንክስጊቪንግ ለጉዳይ ጥናት የሚመቸው በደቂቃ ስለተለካ ነው። ኪት ቼንና ራይን ሮላ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ስም የሌለበትን የስማርት ስልክ መገኛ መረጃ ከየምርጫ ጣቢያው ውጤት ጋር አጋጥመው ያገኙትን ጁን 1 ቀን 2018 በሳይንስ መጽሔት አወጡ። አማካዩ የማዕድ ቆይታ 257 ደቂቃ፣ ማለትም 4 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። እንግዳውና ጋባዡ ተቃራኒ ፓርቲ ካሸነፈባቸው ሰፈሮች ሲሆኑ ግን ቆይታው ከ30 እስከ 50 ደቂቃ ያጥራል። ይህ በአገር ደረጃ ሲደመር በሁለቱ ወገኖች መካከል ሊደረግ ይችል የነበረ የ34 ሚሊዮን ሰዓት ጨዋታ ቀርቷል።

ስልክ ጩኸት አይመዘግብም። የመዘገበው ሰው ኮቱን አንስቶ የወጣበትን ሰዓት ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ስናየው ዋናው ጥያቄ «ማን ማንን ሰደበ» ሳይሆን «ማን ቶሎ ወጣ፣ ማንስ ጭራሽ አልመጣም» የሚለው ይሆናል።

16ቱ ቀናት

በእነዚህ ቀናት ውስጥ ለሁለቱም ወገን የክርክር ስንቅ ይጎርፍ ነበር። ትራምፕ ያሸነፉት በየግዛቱ በሚቆጠረው በወኪል መራጮች ድምፅ ነው፤ በሕዝብ ድምፅ ግን ክሊንተን ይመሩ ነበር። የካሊፎርኒያ ቆጠራ ገና ስላላለቀ ልዩነቱ በየቀኑ ያድግ ነበር፤ በታንክስጊቪንግ ዋዜማ ከ2 ሚሊዮን አልፎ በመጨረሻ 2.9 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ምርጫውን የወሰኑት ሦስት ግዛቶች ደግሞ ልዩነታቸው ቀጭን ነበር፦ ሚሺጋን 10,704፣ ዊስኮንሲን 22,748፣ ፔንሲልቬንያ 44,292። እንግዲህ አንዱ ዘመድ «ሕዝቡ የመረጣት እሷን ነው» ሲል ሌላው «ሕጉ የሚቆጥረው ግዛት ነው» ይላል፤ ሁለቱም ያሉት እውነት ነው። ለማዕድ ላይ ክርክር ከዚህ የከፋ ነገር የለም። አንዱ ተሳስቶ ቢሆን ነገሩ በአንድ ስልክ ፍለጋ ይዘጋ ነበር።

ኖቬምበር 18 ላይ ተመራጩ ምክትል ፕሬዚዳንት ማይክ ፔንስ ብሮድዌይ ቲያትር ሊያዩ ገብተው ተዋንያኑ ከመድረክ መልእክት አነበቡላቸው፤ በማግስቱ ትራምፕ ተዋንያኑ ይቅርታ ይጠይቁ አሉ። ኖቬምበር 23 የአረንጓዴ ፓርቲዋ ጂል ስታይን ለድጋሚ ቆጠራ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ የዊስኮንሲኑ ማመልከቻ የገባው 25 ላይ፣ ማለትም በበዓሉ ማግስት ነው። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ለጠረጴዛው የቀረበው ያለቀ ጉዳይ አልነበረም። ያሸነፈው ወገን «በቃ፣ አልቋል» ይላል፤ የተሸነፈው «ገና ነው» ይላል። የጠቡ ግማሽ ከዚህ የመጣ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ለበዓሉ ፖለቲካ እንግዳው አይደለም። ሊንከን በ1863 አገር አቀፍ የምስጋና ቀን ያወጁት በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል ነው። በ1939 ሩዝቬልት የገና ገበያው እንዲረዝም ብለው በዓሉን በአንድ ሳምንት ቢያስቀድሙት 23 ግዛቶች ተከተሏቸው፣ 22ቱ በቀድሞው ቀን ጸኑ፤ የቀሩት ሁለቱንም አከበሩ። ያኔ ቤተሰብ የሚከራከረው ስለ ማዕዱ ቀን ራሱ ነበር።

ማን ከማን ጋር ተቀመጠ

በ2016 የመከፋፈሉ መስመር በቤተሰብ መካከል የሚያልፍ ነበር። ምርጫው ዕለት መራጮችን በጠየቀው መጠይቅ መሠረት ከ18 እስከ 29 ዓመት ካሉት 55 በመቶው ለክሊንተን ሲመርጡ፣ ከ65 በላይ ከሆኑት ደግሞ ከግማሽ በላዩ ለትራምፕ መርጠዋል። ትምህርትም እንዲሁ ለይቷቸዋል፤ ዲግሪ ያላቸው ወደ ክሊንተን፣ የሌላቸው ወደ ትራምፕ አዘነበሉ። ወንድና ሴትም ተለያይተዋል። እንግዲህ ገበታው ላይ ያለው ልዩነት በተማረችው ልጅና ባልተማረው አባት፣ በአያትና በልጅ ልጅ፣ አንዳንዴም በባልና በሚስት መካከል ይወድቃል። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በፓርቲ እየተመሳሰለ በሄደበት አገር፣ ሰው ከተቃራኒ ወገን ጋር ለሰዓታት የሚቀመጥበት ቦታ ዘመድ ቤት ብቻ ሆኗል ማለት ይቻላል።

ጥላቻውም ያደገው ቀስ በቀስ ነው። በ1960 ልጃቸው የሌላውን ፓርቲ ሰው ቢያገባ ቅር እንደሚላቸው የተናገሩት አሜሪካውያን ከመቶ 4 ወይም 5 ነበሩ። በ2010 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ ከሪፐብሊካኖቹ ግማሽ ያህሉ፣ ከዴሞክራቶቹ ሲሶው ቅር እንደሚላቸው ተናገሩ። ትራምፕ ከመምጣታቸው በፊት መሆኑን ልብ ይሏል።

ደቂቃው እንዴት ተቆጠረ

አለካኩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ውጤቱ የሚታመነውም የሚጠረጠረውም በእሱ ነው። መጀመሪያ ስልኩ ሌሊት የሚያድርበት ቦታ ተለይቶ ቤት ተባለ። ቀጥሎ ያ ቤት የሚገኝበት የምርጫ ጣቢያ እንዴት እንደመረጠ ታየ። ከዚያ ስልኩ በታንክስጊቪንግ ከሰዓት በኋላ የት እንደነበረ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየና ያ ሰፈር ለማን እንደመረጠ ተነጻጸረ። ርቀት፣ የሕዝቡ ስብጥርና ሌላ ሌላውም ታሳቢ ተደርጓል። ሩቅ የሚሄድ ሰው ቶሎ ቢነሳ ምክንያቱ ትራምፕ ላይሆን ይችላልና።

የዘዴው ደካማ ጎን ግልጽ ነው፤ ሰፈር ሰው አይደለም። ከመቶ 60 ለትራምፕ በመረጠ ጣቢያ ውስጥ ከ10 መራጭ 4ቱ አልመረጧቸውም። በስልክ መረጃው ላይ ግን ሁሉም ሪፐብሊካን ናቸው። ሌላው ደግሞ ስልኩ የሚለካው እንግዳውን ነው፤ ጋባዡ ከቤቱ ስለማይወጣ የእሱ ምሬት በደቂቃ አይታይም። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት የሰዎቹን የራሳቸውን ፖለቲካ መነሻ አድርጎ ሲለካ፣ የፖለቲካ ልዩነት ማዕዱን የሚያሳጥረው ከ4 እስከ 11 ደቂቃ ብቻ ነው አለ። እኛ የምንይዘው አቅጣጫውን ነው፤ ሁለቱም አንድ ወገን ያሳያሉ፣ የሚለያዩት በመጠኑ ነው። «ምርጫው የአሜሪካን ቤተሰብ በታተነ» ለሚል ሰው ግን ትንሹም ትልቁም ቁጥር አያግዘውም። አብዛኛው ሰው ሄዷል፣ በልቷል፣ ከ3 ሰዓት በላይ ቆይቷል።

ያልመጣውና ቶሎ የወጣው

ከጥናቱ ውስጥ ብዙ ሳይወራለት ያለፈው፣ በእኛ ዕይታ ግን ዋነኛው፣ ሁለቱ ወገኖች የተቀየሙበት መንገድ መለያየቱ ነው። ዴሞክራት ከሚበዛባቸው ሰፈሮች በ2016 ለማዕዱ የተጓዘው ሰው ከ2015 ያነሰ ነበር። ሪፐብሊካን ከሚበዛባቸው ሰፈሮች የመጡት ደግሞ ከተቃራኒ ወገን ጋር ሲቀመጡ ቆይታቸውን ያሳጠሩት በበለጠ ደቂቃ ነው። በአጭሩ የተሸነፈው ወገን ቀረ፣ ያሸነፈው ወገን ቶሎ ተነሳ።

የቀረው ለምን እንደቀረ መገመት አይከብድም። ገና 16 ቀኑ ነው፤ የአሸናፊ ፊት ማየት አልፈለገም። ያሸነፈው ለምን ቶሎ እንደተነሳ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይጠይቃል። ደስ ብሎት የመጣ ሰው ገበታው ላይ ደስታውን የሚጋራው አጥቶ፣ ይልቁንም «እንዴት እሱን ትመርጣለህ» የሚል ጥያቄ ጠብቆት ከሆነ፣ ጎመን በጤና ብሎ ይወጣል። አይጣላም፤ መንገድ እንዳይመሽብኝ ይላል።

ይህን መለየት የሚጠቅመው መድኃኒታቸው ስለማይመሳሰል ነው። ቶሎ የወጣውን ለማቆየት መሥራት ያለብህ በዕለቱ ነው። የቀረው ግን ዕለቱ ሳይደርስ መደወልን ይጠይቃል፤ «ትመጣለህ ወይ» ብሎ ሳይሆን አንድ ሥራ ሰጥቶ፣ ለምሳሌ «ፓይ ይዘህ ና»፣ «አያትን ከቤቷ አምጣት» ብሎ። ሥራ የተሰጠው ሰው መቅረት ይከብደዋል።

ማስታወቂያው

ከተቃራኒ ወገን ጋር የተቀመጡት ሁሉ እኩል አልቸኮሉም። የፖለቲካ ማስታወቂያ ከጎረፈባቸው የቴሌቪዥን ገበያዎች (ተመሳሳይ ጣቢያዎችን ከሚያዩ አካባቢዎች) በመጡት ዘንድ የቆይታው ማጠር ሦስት እጥፍ ሆኗል። በ2015፣ ማለትም ምርጫ ባልነበረበት ዓመት፣ ይህ አልታየም።

የማስታወቂያ ስርጭት የግዛት ወሰን አያውቅም። የደቡብ ኒው ጀርሲ ነዋሪ የሚያየው የፊላደልፊያን ጣቢያዎች ስለሆነ፣ የራሱ ግዛት ውጤት አስቀድሞ የታወቀ ቢሆንም ለፔንሲልቬንያ መራጭ የተሠራው ዘመቻ ሁሉ ሳሎኑ ይገባል። የሰሜን ኒው ጀርሲው ዘመዱ ደግሞ የኒው ዮርክን ጣቢያ ያያል። የአንድ ግዛት ሁለት ዘመዶች ናቸው፤ አንደኛው ለወራት ሲቀሰቀስ ከርሞ ነው የሚመጣው። አጎት ያለወትሮው ቆጣ ቆጣ ካለ ባሕርዩን ከመውቀስ በፊት የትኛውን ጣቢያ ሲያይ እንደከረመ ማሰብ ይበጃል።

ማስታወቂያው የሚያደርሰው አንዱ ጉዳት ሰው ሌላውን ወገን ሳያውቀው እንዲሥለው ማድረጉ ነው። በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች ከሪፐብሊካኖች መካከል 38 በመቶው በዓመት ከ250,000 ዶላር በላይ የሚያገኝ ይመስላቸዋል፤ እውነቱ 2 በመቶ ነው። ማዕዱ ላይ ይህ እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦ የእህት ልጅ «እናንተ ሀብታሞቹ ናችሁ የመረጣችሁት» ትላለች፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው አጎት ግን የቤት ብድሩን ገና እየከፈለ ነው። አጎቱ ንግግሩን የሰማው እንደ ስድብ እንጂ እንደ ክርክር አይደለም፤ የማያውቁትን ሰው ስም ለጥፈውበታልና።

ገበታው ላይ የሚበላሸው

በዚያ ሰሞን ብዙ ቤት የወሰደው እርምጃ «ፖለቲካ አይነሳም» የሚል አዋጅ ነበር። አዋጁ የሚፈርሰው ሰዎች ስለማይታዘዙ ብቻ አይደለም፤ ከፖለቲካ የጸዳ ርዕስ ስለጠፋ ነው። የአሜሪካን እግር ኳስ (በእጅ የሚያዘውን) እንይ፦ በልማድ የታንክስጊቪንግ ማምለጫ እሱ ነው። ያን ዕለት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል (በምሥራቅ ጠረፍ ሰዓት) ዲትሮይት ሚኒሶታን 16 ለ13፣ ከ10 ሰዓት ተኩል ዳላስ ዋሽንግተንን 31 ለ26፣ ማታ ፒትስበርግ ኢንዲያናፖሊስን 28 ለ7 አሸነፉ። ጥሩ ጨዋታ ነበር። ነገር ግን ተጫዋቹ ኮሊን ካፐርኒክ ከኦገስት ጀምሮ በብሔራዊ መዝሙሩ ሰዓት አልቆምም ብሎ ስለነበር መዝሙሩ በተሰማ ቁጥር አንድ ሰው አንድ ነገር ይላል። ቲያትር እንዳይባል የፔንስ ነገር አለ። ጤና እንዳይባል ደግሞ በኦባማ ሕግ ልጅ እስከ 26 ዓመቱ በወላጁ ኢንሹራንስ ላይ ይቆያል፤ ትራምፕ ሕጉን እሽራለሁ ብለው ነበር፤ የዓመቱ ምዝገባም እየተካሄደ ነበር። የ24 ዓመት ልጅና ካርዱን የያዘ አባት አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው ይህ «ፖለቲካ» ነው ወይስ የቤት ጉዳይ?

ከአዋጅ ይልቅ የሚሠራው ቁጥሩን መቀነስ ነው። 12 ሰው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ሦስቱ ከአንድ ወገን፣ ዘጠኙ ከሌላው ቢሆኑ፣ ሊጋጩ የሚችሉት ጥንዶች 27 ናቸው። ጮክ ተብሎ የተነገረ ነገር ለ27ቱም ይደርሳል። አንድ ሰው ሲመልስ ሌላው ይደርብበታል፤ ሦስቱ ተከበቡ ማለት ነው። ያው ንግግር ዕቃ እያጠቡ ለሁለት ቢሆን አንድ ጥንድ ብቻ ነው፤ የሚያጨበጭብ ስለሌለም ማንም ለማሸነፍ አይናገርም። ልምድ ያላት ባለቤት ነገር የጀመሩትን ሁለት ሰዎች «ዝም በሉ» ከምትል ይልቅ አንዱን ወደ ጓዳ ትጠራዋለች።

ለሁለት ሲሆኑ ደግሞ ምን ይባላል? ዴቪድ ብሩክማንና ጆሽዋ ካላ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት በ2016 ያወጡት የማያሚ ሙከራ የሚያሳየው አለ። ቤት ለቤት የሄዱት ቀስቃሾች ጾታቸውን በቀየሩ ሰዎች (ትራንስጀንደር) ላይ ያለውን ጥላቻ በ10 ደቂቃ ያህል ንግግር ቀንሰውታል፤ ለውጡም ቢያንስ ለ3 ወር ቆይቷል። ያደረጉት ማስረጃ መደርደር አልነበረም። የቤቱን ባለቤት «አንተ ራስህ ከሌሎች ተለይተህ ተፈርዶብህ ያውቃል?» ብለው ጠየቁ፣ ሳይፈርዱ አዳመጡ፣ ከዚያ ስለ ጉዳዩ ተነጋገሩ። በቤተሰብ መካከል ይህን ለመሞከር አንድ ችግር አለ፤ የዘመድን ታሪክ እናውቀዋለን ብለን ስለምናምን አንጠይቅም። «ፋብሪካው ሲዘጋ ያን ዓመት እንዴት አሳለፋችሁት?» ተብሎ ተጠይቆ የማያውቅ አጎት ብዙ ነው።

ሌላው ተራ ነገር የሚመስል ግን ትልቅ ጣጣ የሚያመጣው የበዓሉ ዋና ምግብ፣ ተርኪው (ዶሮ መሰሉ ትልቅ ወፍ) ነው። 7 ኪሎ የሚሆን ተርኪ በ163 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጋገር 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የሚበላው ውስጡ 74 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በረዶ ሆኖ ከተገዛ ደግሞ በፍሪጅ ውስጥ ለመፍታት 3 ወይም 4 ቀን ይፈልጋል። ረቡዕ ማታ ያስታወሰ ሰው ሐሙስ ዕለት መሐሉ በረዶ የሆነ ተርኪ ያገኛል። እንግዶቹ በ7 ሰዓት ደርሰው ምግቡ 10 ሰዓት ሲወጣ ሦስት ሰዓት በባዶ ሆድ፣ በቢራና በተከፈተ ቴሌቪዥን ፊት ያልፋል። ያን ጊዜ የሚነሳው ክርክር በሙሉ ምርጫው ላይ ቢመስልም ግማሹ ርሀብ ነው። ተርኪው እሑድ ከበረዶ ቤት ወደ ፍሪጅ ከወረደ፣ ጥሪውና ምግቡ መካከል ከአንድ ሰዓት በላይ ካልቆየ፣ ዜናው ተዘግቶ ጨዋታው ከተከፈተ ብዙው ነገር ይቀላል።

የመጨረሻው የሚበላሽ ቦታ መውጫው ነው። ቶሎ የሚነሳን ሰው «ደግሞ ምን ሆንክ?» ብሎ በር ላይ ማቆም ያላለውን ያስብለዋል። ፓይና የተረፈው ተርኪ ተጠቅልሎ ይሰጠው፣ ቀጣዩ ቀጠሮም እዚያው በር ላይ ይያዝ። ከኖቬምበር 24 እስከ ገና 31 ቀን ነው። በእነዚህ 31 ቀናት ውስጥ የዊስኮንሲን ድጋሚ ቆጠራ ተደርጎ ዲሴምበር 12 አለቀ፤ ማዕዱ ላይ ያን ያህል ያከራከረው ቆጠራ የለወጠው 131 ድምፅ ነው፣ እሱም ለትራምፕ የተጨመረ። ዲሴምበር 19 ደግሞ ወኪል መራጮቹ ድምፃቸውን ሰጡ፤ 304 ለ227። የቀረውን ዘመድ ለመደወል የሚሻለው ከእነዚህ ሁለት ቀናት በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚደወል ስልክ የደስታ መግለጫ ወይም የሐዘን ለቅሶ መስሎ ይሰማል።